«ሊሆን ይችላል»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንጻፍ?

«ሂ ኢዝ ፖሲብል ቱ ካም።» ይህን የጻፈ ሰው «ሊመጣ ይችላል» ማለቱ እንደሆነ እኛ ወዲያው ይገባናል። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ግን ግራ ይጋባል። እንዲህ የምንጽፈው አማርኛችን መቻሉን ለሰውየው ስለሚሰጥ ነው። እሱ ይችላል፣ እሷ ትችላለች፣ እኔ እችላለሁ እንላለን፤ ማርፈድም ችሎታ የሆነ ይመስል «ላረፍድ እችላለሁ»!

እንግሊዝኛ እንዲህ ሲሆን ሰውየውን ከፊት ያነሳዋል። በቦታው «ኢት»ን ያስቀምጣል። ይህች ተውላጠ ስም እዚህ ጋ ማንንም፣ ምንንም አትወክልም። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ብቻ ነው የተቀመጠችው። ባለቤቱ ከ«ዛት» በኋላ ይመጣል።

1. ቅርጹን ያዙ። «ኢት ኢዝ ፖሲብል ዛት» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አስከትሉ፦ «ኢት ኢዝ ፖሲብል ዛት ሺ ኢዝ ሲክ»። ከ«ዛት» በኋላ ያለው ለብቻው ቢቆም ትርጉም መስጠት አለበት። ካልሰጠ የሆነ ነገር ጎድሏል ማለት ነው።

2. አማርኛውን መጀመሪያ ወደ «ይሆናል» ቀይሩት። ከምመክራቸው ዘዴዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ሰዋስው ከመሸምደድ ይሻላል። «ልትታመም ትችላለች» የሚለው ያሳስታል፣ «ታማ ይሆናል» ግን አያሳስትም። ልብ በሉ፣ «ይሆናል» ከሰው ጋር አይለዋወጥም። ታምሜ ይሆናል፣ ታመሽ ይሆናል፣ ታመው ይሆናል። «ኢት» የምትሠራውን ሥራ በአማርኛ የሚሠራልን እሱ ነው። «ታማ ይሆናል» ብላችሁ ካሰባችሁ «ኢት ሜይ ቢ ዛት ሺ ኢዝ ሲክ» ራሱ ይመጣል።

እዚህ ላይ «ካን»ን አርቁት። «ይችላል»ን ስንማር «ካን» ተብለን ስለተማርን እጃችን ወደሱ ይሄዳል። ስለ አንድ የተወሰነ ነገር ስትገምቱ ግን «ሜይ»፣ «ማይት» ወይም «ኩድ» ነው የሚባለው። «ካን» ለጥያቄና ለአሉታ ይቆያል።

3. ጊዜው ከ«ዛት» በኋላ ይቀያየር። ትናንት ከሆነ «ሺ ፎርጎት»፣ ነገ ከሆነ «ሺ ዊል ፎርጌት»። «ኢት ኢዝ»ን አትንኩት።

4. አሉታው የት ይግባ? ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ነው። አንድ ዕቃ ላኪ ለደንበኛው «ዕቃው ነገ ላይደርስ ይችላል» ሊል ፈልጎ «ኢት ኢዝ ኖት ፖሲብል ዛት ኢት ዊል አራይቭ ቱሞሮ» ብሎ ጻፈ እንበል። ደንበኛው ያነበበው «ነገ ሊደርስ አይችልም» የሚል ነው። በቃ፣ ቁርጡን አወቀ፤ ትዕዛዙን ሰርዞ ከሌላ ይገዛል። ላኪው ግን በሩን ክፍት የተወ መስሎታል።

ደግነቱ አማርኛ ይህን ልዩነት አጥርቶ ያውቃል። ቃሉን ዝም ብላችሁ ስሙት። «ላይደርስ ይችላል» ስትሉ አሉታው ያለው መድረሱ ላይ ነው። ስለዚህ «ኖት» ከ«ዛት» በኋላ ይገባል፦ «ኢት ኢዝ ፖሲብል ዛት ኢት ዊል ኖት አራይቭ»። «ሊደርስ አይችልም» ስትሉ ደግሞ አሉታው መቻሉ ላይ ነው፤ «ኖት» ከ«ዛት» በፊት፣ «ፖሲብል» አጠገብ ይሆናል። «ላይ» ካለ ወደ ኋላ፣ «አይ» ካለ ወደ ፊት።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው «ሳይደርስ አይቀርም» ነው። ሁለት አሉታ አለው፤ ትርጉሙ ግን «መድረሱ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ» ነው። ሁለቱንም «ኖት» ጣሏቸው። «ኢት ኢዝ ላይክሊ ዛት ኢት ዊል አራይቭ» ብላችሁ ጨርሱ። የትርጉም አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ያወጣላችሁን እንግሊዝኛ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስገልብጡት። አሉታው ቦታ ከቀየረ ያኔ ታዩታላችሁ። ለሌላው ነገር አፑ አይከፋም፣ አሉታ ላይ ግን እኔ አላምነውም።

5. ክብደቱን ምረጡ። «ፖሲብል» በጣም ልል ቃል ነው። በ1951 የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች ሶቪየቶች በዩጎዝላቪያ ላይ ጥቃት የመክፈታቸውን ነገር «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» (በቁም ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ዕድል) ብለው ጻፉ። ከሥራው መሪዎች አንዱ የነበረው ሸርማን ኬንት ኋላ ባልደረቦቹን «ስንት ከመቶ ማለታችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። መልሱ ከ20 እስከ 80 ከመቶ ተራራቀ። ሁሉም አንድ ወረቀት ላይ ተስማምተው ነበር እንግዲህ!

ስለዚህ «ሳይሆን አይቀርም» ለማለት «ላይክሊ»ን ውሰዱ። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ፓነል በሪፖርቶቹ «ላይክሊ»ን ቢያንስ 66 ከመቶ፣ «ቬሪ ላይክሊ»ን ቢያንስ 90 ከመቶ ብሎ ቆርጦላቸዋል። እናንተ ቁጥር አያስፈልጋችሁም፣ ግን ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል። አንድ ደስ የማይል ነገር አለ፤ «ሂ ኢዝ ላይክሊ ቱ ካም» ትክክል ነው፣ «ሂ ኢዝ ፖሲብል ቱ ካም» ግን ስህተት። ምክንያቱን አትፈልጉ፣ እንዲሁ ያዙት። «ሹር» (እርግጠኛ) ደግሞ ከፊቱ ሰው ይወዳል፦ «አይ አም ሹር ዛት» እንጂ «ኢት ኢዝ ሹር ዛት» አይባልም። ያው እርግጠኛ የሚለው «ሰርተን» ግን በሁለቱም ይሄዳል።

«ዛት»ን በንግግር መዋጥ ይቻላል፤ ሁሉም ይውጣታል። በደብዳቤና በኢሜይል፣ በተለይ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም፣ አትዋጧት። «ሜይቢ» ለጓደኛ በቂ ነው፣ ሲጻፍም አንድ ቃል ነው። «ኢት ሜይ ቢ ዛት» ውስጥ ግን «ሜይ» እና «ቢ» ተለያይተው ነው የሚጻፉት።

ለአለቃ የሚላክ ቴክስት ከፈለጋችሁ ይኸው፦ «ኢት ኢዝ ፖሲብል ዛት አይ ዊል ቢ ሌት። ፕሊዝ ስታርት ዊዛውት ሚ።» ማርፈዳችሁ የማይቀር ከሆነ ግን «ፖሲብል»ን አውጡና «አይ ዊል ቢ ሌት» በሉት።