ፍሎ ሳይቶሜትሪው ሲያምታታ፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

አዲስ አበባ ውስጥ "ሲዲ ፎር" ሲባል ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ኤችአይቪ ነው ያስተማረን። ሉኪሚያንና ሊምፎማን (የደምና የንፍፊት ካንሰሮችን) በዓይነት የምንለየውም በዚያው ዘዴ፣ በፍሎ ሳይቶሜትሪ ነው። በነጭ የደም ሴል ገጽ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች፣ ማርከር የምንላቸው፣ የሲዲ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሲዲ3 ቲ ሴልን፣ ሲዲ19 ቢ ሴልን፣ ሲዲ34 ደግሞ ገና ያልበሰለ ሴልን ያሳያል። የሚያበራ ቀለም የተሸከመ አንቲቦዲ ይለጠፍባቸዋል። ከዚያ ሴሎቹ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ ማሽኑም የሚያበራውን ያነባል።

ውጤቱ ግራ ሲያጋባ መጀመሪያ የሚወቀሰው ማሽኑ ነው። እኔ ግን ጥፋቱን አብዛኛውን ጊዜ ያገኘሁት ቱቦው ላይ ነው። ካልሆነም መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ በቀረ ነገር ነው።

ፍርስራሽ በዝቷል፣ ሁሉም ማርከር ፖዘቲቭ ይመስላል

ሴሎቹ ሞተዋል። የሞተ ሴል ያገኘውን አንቲቦዲ ሁሉ ይይዛል። ዓርብ ከሰዓት የተቀዳ ናሙና ሰኞ ጠዋት ሲደርስ እንዲህ ይሆናል። ከመርካቶ ጥቁር አንበሳ ድረስ በትራፊክ መሃል መኪና ውስጥ ሲቀቀልም ያው ነው። በረዶ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ይብስበታል። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ባለው የክፍል ሙቀት ይቆይ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበት ወይን ጠጅ ክዳን ቱቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ጥሩ ነው። ሌላው ፀረ መርጋት፣ ሄፓሪን፣ እስከ 48 ሰዓት ያቆያል።

የማይተካ ናሙና ከሆነ ግን አትጣሉት። የሞቱትን 7-ኤኤዲ በሚባለው ቀለም ለይታችሁ በሕይወት ያሉትን አንብቡ፤ ይህንንም ሪፖርቱ ላይ ጻፉት። መቅኔ መወጋት ያማል። ልጃቸውን ከክፍለ ሀገር ይዘው የመጡ አባት "ደግሞ ሊወጉት ነው?" ያሉኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የግራፉ ነጥቦች ተበትነዋል

ሌዘሩ አልሞቀም። ግማሽ ሰዓት ያህል ስጡት። የመለኪያ ቢዶቹን (ብርሃናቸው የታወቀ ጥቃቅን ዶቃዎች) አሳልፉ፣ ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ የታካሚውን ናሙና አስገቡ።

ንፍፊቱ መጥቷል፣ የሚሠራ ሴል ግን የለም

ክዳኑን ከፍቼ ሴሎችን ገድሎ የሚያቆየው የፎርማሊን ሽታ ሲቀበለኝ የተሰማኝን ኀዘን አልረሳውም። ቀዶ ሕክምናው በደንብ ተሠርቷል፣ ግን ቁራጩ በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ገብቷል። ለፍሎ እዚያው ላይ አለቀ። ታካሚውን እንደገና ከመቁረጥ በፊት ፓቶሎጂስቱን አነጋግሩ። በፓራፊን ብሎኩ (በሰም ውስጥ በታሸገው ቁራጭ) ላይ ሲዲ20 (ሌላው የቢ ሴል ማርከር)፣ ሲዲ3 እና ሲዲ30 በኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ በሚታይ የአንቲቦዲ ቀለም፣ ይሠራሉ። ለቀጣዩ፣ ንፍፊቱ ትኩስ እንዳለ ለሁለት ይከፈል። አንዱ ፎርማሊን ውስጥ፣ ሌላው አርፒኤምአይ (የሴል ማቆያ ፈሳሽ) ወይም ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ።

በነገራችን ላይ፣ ንፍፊቱ አብጦ ፍሎው ንጹሕ ከሆነ ሆጅኪን የተባለውን የሊምፎማ ዓይነት አትርሱ። የበሽታው ሴሎች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ፍሎ ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል።

ካፓም ላምዳም አይታይም፣ ወይም ሁለቱም ይታያሉ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ጤነኛ ቢ ሴሎች ድብልቅ ናቸው። ካፓና ላምዳ የአንቲቦዲ ክፍል የሆኑ ሁለት ዓይነት ቀላል ሰንሰለቶች ናቸው፤ አንዳንዱ ሴል ካፓ፣ አንዳንዱ ላምዳ ይይዛል፤ ካፓው በዛ ይላል። የቢ ሴል ሊምፎማ ግን ከአንድ ሴል የተራባ ስለሆነ አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። ፕላዝማው ውስጥም የሚንሳፈፍ ካፓና ላምዳ ሞልቷል። አንቲቦዲው ሴሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ወይም ተንሳፋፊው ሴሉ ላይ ተለጥፎ ሁለቱም ያሉ ያስመስላል።

መፍትሄው ማጠብ ነው። አንቲቦዲ ከመጨመራችሁ በፊት 37 ዲግሪ በሞቀ ፒቢኤስ (የጨው ማጠቢያ ፈሳሽ) ሦስት ጊዜ እጠቡ። ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚዘለለው ይሄ ነው፣ እባካችሁ አትዝለሉት። ታጥቦም ካልታየ ሴሉ ያልበሰለ ሊሆን ይችላልና ሲዲ34ን እና ሌላውን ያልበሰለ ሴል ምልክት፣ ቲዲቲን፣ እዩ። ሲዲ20 ደምቆ ካፓና ላምዳ የጠፋበት የበሰለ ቢ ሴል ካያችሁ ግን ሊምፎማን ጠርጥሩ።

ሲዲ20 ጠፍቷል

ታካሚው ሪቱክሲማብ ወስዶ ይሆን? መድኃኒቱ የሚይዘው ራሱን ሲዲ20ን ነው። ሐኪሙን ጠይቁ። ቢ ሴሎቹን በሲዲ19 እና በሲዲ79ኤ ፈልጉ።

ኬሞ የጨረሰ ልጅ መቅኔ ውስጥ ሲዲ10 እና ሲዲ19 ያላቸው ሴሎች ታዩ

ሉኪሚያው የተመለሰ ይመስላልና ልብ ይደነግጣል። ግን በማገገም ላይ ያለ መቅኔ ሄማቶጎን የሚባሉ ጤነኛ ወጣት ቢ ሴሎችን ያፈራል። ቅርጹን እዩ። ጤነኞቹ ሲዲ10 እየቀነሰ ሲዲ20 እየጨመረ ኩርባ ይሠራሉ። ሉኪሚያ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ተጠጋግቶ ይቆለላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የመጀመሪያውን ምርመራ ፋይል አውጥታችሁ አወዳድሩ። ልጁን በስህተት ወደ ኬሞ መመለስ ከባድ ነገር ነው።

ብላስት (ያልበሰለ ሴል) መሰል ሴል ሞልቷል፣ ሲዲ34ም ኤችኤልኤ-ዲአር የሚባለው ማርከርም ግን የለም

አንቲቦዲው ተበላሽቷል ብላችሁ ለነገ አታሳድሩት። እዚያው ቱቦ ውስጥ ያሉ ሞኖሳይቶች (ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች) ኤችኤልኤ-ዲአር ካሳዩ አንቲቦዲው ይሠራል ማለት ነው። ሲዲ33 ከደመቀና ሴሎቹ ውስጣቸው ቅንጣት የበዛባቸው ከሆኑ አኪዩት ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያን ጠርጥሩ። ይህ በሽታ በሰዓታት ውስጥ ደም እያፈሰሰ ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ብዙዎች ይድናሉ። ስሚሩን (በመስታወት ላይ የተቀባውን ደም) ወዲያው በማይክሮስኮፕ እዩ። ሪፖርቱ ይቆይ፣ ስልኩን አንሱና ሐኪሙ ጋ ደውሉ። የደም መርጋት ምርመራ ይታዘዝ። አትራ የሚባለው ክኒን የጂን ምርመራው ውጤት ሳይጠበቅ፣ በጥርጣሬ ብቻ ይጀመራል።