«አቦ፣ ይሄን ጥያቄ አጥፋልኝ»፦ የፈቃድ መስኮቱ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከቫይረስ ቀጥሎ የምሰማው ልመና ይሄ ነው፦ «አቦ፣ የስ ነው ኖ እያለ የሚጨቀጭቀኝን ነገር ገላግለኝ!»

ፕሮግራም ሲጫን ወይም ሙሉ ሥልጣን ሲጠይቅ ዊንዶውስ «ልፍቀድለት?» ብሎ የሚያወጣውን መስኮት ማለታቸው ነው። እሺ፣ እገላግላለሁ። ግን እናንተ በምትሉት መንገድ አይደለም።

እስከ ታች መጎተት። ዊንዶውስ ላይ ይሄን መስኮት የሚቆጣጠረው «ዩዘር አካውንት ኮንትሮል» የሚባለው ማስተካከያ አራት ደረጃ አለው። ሰው ሁሉ ደግሞ ቀጥታ ወደ መጨረሻው፣ «ኔቨር ኖቲፋይ» (በጭራሽ አትጠይቀኝ) ወደሚለው ይወርዳል። ለምን? ስለሰለቸው! በአድሚን (ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ በሚያዘው) አካውንት ብትገቡም ፕሮግራሞች በተለምዶ የሚሠሩት በተቀነሰ ሥልጣን ነው። ሙሉ ሥልጣን የሚያገኙት መስኮቱ ላይ የስ ስትሉ ነው። እስከ ታች ካወረዳችሁት ሥልጣን የጠየቀ ሁሉ ሳትሰሙ ይሰጠዋል። ሳቢያን ያለ አንድ አባት እንዲህ አስደርጎ ልጁ በፍላሽ የመጣ የጌም ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) ጫነበት። አንቲቫይረሱ ጠፍቶ፣ የማያውቃቸው ፕሮግራሞች ተደርድረው ማሽኑን ይዞ መጣ። ዳታውን አውጥተን ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንን። በሳምንቱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያን ጥያቄ አጥፋልኝ»!

እርግጥ የመስኮቱ ስም የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ነው፤ ያኔ በጣም ያበዛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ግን ጥያቄው ተቀነሰ፤ አራቱ ደረጃዎችም ያኔ ነው የመጡት። ከላይ ሁለተኛው ለአብዛኛው ቤት ይበቃል።

ስክሪኑ ጨለመ ብሎ አንድ ደረጃ ማውረድ። የሚጨልመው ሌላ ፕሮግራም በእናንተ ፋንታ የስ እንዳይጫን ነው። ተዉት።

ቤተሰቡ በሙሉ በአድሚን አካውንት መግባት። ይሄ ነው ዋናው፤ ማንም ግን አይጠይቀኝም። ለልጆች ስታንዳርድ (ሥልጣኑ የተገደበ) አካውንት ክፈቱ። እናንተም ለዘወትር ሥራ በስታንዳርድ ብትገቡ ይሻላል። ያኔ መስኮቱ የስ ብቻ ሳይሆን የአድሚኑን ፓስዎርድ ይጠይቃል። ልጁ ክራኩን ለመጫን እናንተን መጥራት አለበት። ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ፓስዎርዱ ጠፋብን ብላችሁ የምትመጡት ብዙ ናችሁ። ልጁ የማያገኘው ቦታ ይሁን።

ሳያነቡ የስ ማለት። ሁለት ነገር ብቻ እዩ፦ የፕሮግራሙን ስምና «ፐብሊሸር» (ሠሪው) የሚለውን። «አንኖውን» (አይታወቅም) ካለ፣ ያወረዳችሁት ከየት እንደሆነ አስቡ። ምንም ሳትነኩ ድንገት ከመጣ ደግሞ ኖ በሉ።

ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበት) ውስጥ ገብቶ ጥያቄውን ከሥሩ መንቀል። ዊንዶውስ 8 ላይ ይሄን ያደረጉ ሰዎች ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚጫኑት አፖች እምቢ አሉን ብለው መጥተዋል።

መስኮቱ ከሁሉም ያድናል ብሎ መተማመን። አያድንም። የራሳችሁን ፎቶና ሰነድ ለመንካት አንድ ፕሮግራም የአድሚን ሥልጣን አያስፈልገውም። ስለዚህ ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ) ያዙ።

የሚያስቸግራችሁ አንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነስ? አይኮኑን በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ። «ራን ዚስ ፕሮግራም አዝ አን አድሚኒስትሬተር» ላይ ምልክት ካለ አንሱትና ሞክሩት። ሳይጠይቅ ከሠራ ጨረሳችሁ። እምቢ ካለ አዲሱን እትም ከሠሪው ድረ ገጽ አውርዱ፤ የድሮ ፕሮግራሞች ያለ ነገሩ ሙሉ ሥልጣን ይጠይቃሉ።