ጀሪካን ውስጥ የሚያሟልጨውን ነገር እንዴት እናስለቅቅ?

ባለፈው ክረምት ደሴ ቤታችን አንድ አሮጌ ቢጫ ጀሪካን ማፍሰስ ጀመረ። ለዶሮዎች ውሃ መጠጫ ይሁን ብዬ በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ለዓይን ንጹሕ ነው። ውስጡን በአውራ ጣቴ ስዳብሰው ግን እንደ ሳሙና አሟለጨኝ። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ነገር ጥፍሬ ስር ተጠራቀመ። ከዚህ ነው ስንጠጣ የከረምነው! ቦኖ ላይ ሁሌ ሁለቴ ሳናለቀልቅ ቀድተን አናውቅም እኮ።

ዝልግልጉ የባክቴሪያ ሰፈር ነው። ባክቴሪያ ግድግዳ ሲያገኝ ይለጠፋል። መጀመሪያ ላላ ብሎ ስለሚይዝ በቀላሉ ይለቃል። ካልነኩት ግን ከሰውነቱ ሙጫ የመሰለ ነገር አውጥቶ ራሱን ያጣብቃል፣ እዚያው ይራባል፣ ሌሎችም እየመጡ ይሰፍሩበታል፣ ሲደልብ ደግሞ እየተገነጠለ ወደምንጠጣው ውሃ ይገባል። ባዮፊልም ይባላል። ጠዋት ጥርሳችን ላይ የምናገኘውም የዚሁ ዘመድ ነው። በፈረንጆቹ 1680ዎቹ ሆላንዳዊው ሊውወንሁክ የጥርሱን ቆሻሻ ፍቆ ራሱ በሠራው ማጉያ አየው። አፉን በሆምጣጤ ሲታጠብ የሞቱት ከላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ብቻ ነበሩ፤ ሆምጣጤው ወደ ውስጥ አልዘለቀም። በረኪና ጠብ አድርጎ መተውም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መፈግፈግ። አያቴ ጋን ስታጥብ በግራዋ ቅጠል አጥብቃ ካሸች በኋላ ነው በወይራ የምታጥነው፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጣው አታውቅም። ጀሪካን ውስጥ ግን እጅ አይገባም። አብሽሩ፣ ጠጠር ይገባል። ሁለት እፍኝ ለስላሳ የወንዝ ጠጠር በደንብ አጥባችሁ ጨምሩ። ስለታም ጠጠር ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ደግሞ ለባክቴሪያ ጥሩ መደበቂያ ነው። አንድ ሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃና ትንሽ የዱቄት ሳሙና አድርጉበት። የፈላ ውሃ አይሆንም፣ ጀሪካኑን ያጣምመዋል። ከድናችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ናጡት፣ ልክ ቅቤ እንደሚናጥ። አንዴ በጎን፣ አንዴ ዘቅዝቃችሁ። መያዣው ውስጡ ክፍት ከሆነ ውሃው እዚያም እንዲደርስ አድርጉ፤ እኛ ቤት የባሰው እዚያ ነበር። ክዳኑንና ክዳኑ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉ።

ጠጠሩን አውጥታችሁ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁ።

በረኪናው አሁን ነው የሚገባው። ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ። ሁሉንም ጎን እንዲነካ አገላብጡት፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ድፉትና በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ከሆምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ከዚያ ክፍቱን ዘቅዝቃችሁ አድርቁት። እኔ በሳምንት አንዴ አደርገዋለሁ። ውሃውንም «ውሃ አጋር» በሚባለው የክሎሪን ፈሳሽ የምታክሙ ከሆነ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ።

ኮንታክት ሌንስ (ዓይን ላይ የሚለጠፈውን መነጽር) ለምታደርጉም ነገሩ ያው ነው፣ መጀመሪያ ማሸት፤ ግን በረኪናም የቧንቧ ውሃም ሌንስ አይነካም። እህቴ የሌንሷን ዕቃ በቦኖ ውሃ ስታለቀልቅ አይቼ ደንግጫለሁ፤ ውሃ ውስጥ አካንታሚባ የሚባል ዓይን የሚያሳውር ተውሳክ ሊኖር ይችላል። እጃችሁን ታጥባችሁ በደረቅ ፎጣ አድርቁ። ሌንሱን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በራሱ ፈሳሽ በጣት እሹት፣ አለቅልቁት፤ ማሸት አያስፈልገውም የሚል ፈሳሽ ቢሆንም እሹት። የትናንቱን ፈሳሽ ደፍታችሁ አዲስ ቅዱ፣ እላዩ ላይ አትጨምሩ። ባዶውን ዕቃ በዚያው ፈሳሽ አጥባችሁ ክፍቱን ዘቅዝቁት፣ በየሦስት ወሩም ቀይሩት። ሌንስ አድርጋችሁ አትተኙ። ዓይናችሁ ቀልቶ ካመማችሁ ወይም ብርሃን ካስቸገራችሁ ሌንሱን አውጡና በዚያኑ ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ዕቃውንም ይዛችሁ።