እንግሊዝ አገር ረዳት የለም፦ ኦ ላይሰንስን በስልክና በኮምፒውተር ስለመጠበቅ

አገር ቤት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ያውቀዋል። ከመነሳታችሁ በፊት ረዳቱ ይወርዳል። ጎማውን በእንጨት መታ መታ ያደርጋል፣ ቡሎኑን ያያል፣ ታኮውን ያነሳና “ሂድ!” ይላል። እንግሊዝ አገር ያ ረዳት የለም። ሾፌሩም ረዳቱም እናንተ ናችሁ። የራሳችሁን መኪና ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ባለንብረቱም ጸሐፊውም እናንተው ናችሁ።

መነሻው ኦ ላይሰንስ፣ ማለትም የኦፕሬተር (የጭነት መኪና አሠሪ) ፈቃድ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ከ3.5 ቶን በሚበልጥ መኪና ለንግድ ዕቃ የሚጭን ሁሉ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ያስፈልገዋል። የሚሰጠው ትራፊክ ኮሚሽነር የሚባለው ባለሥልጣን ነው፤ ፖሊስ አይደለም። መንገድ ላይ አስቁሞ የሚፈትሻችሁ ደግሞ ዲቪኤስኤ የሚባለው የመኪናና የሾፌር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። የራሳችሁን ዕቃ ብቻ ከጫናችሁ ሪስትሪክትድ የሚባለው ይበቃል። የሰው ዕቃ በክፍያ ለመጫን ግን ስታንዳርዱ ያስፈልጋል፤ ለእሱም የምስክር ወረቀት ያለው ትራንስፖርት ማናጀር መኖር አለበት። ላይሰንሱን ስትወስዱ ቃል ትገባላችሁ። መኪናውን በየጊዜው አስመረምራለሁ፣ የሾፌር ሰዓት አስከብራለሁ፣ መዝገቡን አስቀምጣለሁ ትላላችሁ። ሰው ላይሰንሱን የሚያጣው ይህን ቃል ሲረሳ ነው።

ይህን ሁሉ አፕ ይሠራላችኋል ይላሉ የአፕ ሻጮቹ። ግማሹ እውነት ነው።

የጠዋቱን ፍተሻ እንይ። ዎክአራውንድ ቼክ ይሉታል። አፑን ከፍታችሁ ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ የአየር ቱቦ እያላችሁ መኪናውን ትዞራላችሁ። እኔ ተቀጥሬ ስጀምር አንድ ዝናባማ ጠዋት ከጋቢና ሳልወርድ ሁሉንም አረንጓዴ አድርጌ ላክሁት። ማታ ስመለስ አለቃዬ ስክሪኑን አዞረልኝ። “16.5 ሜትር መኪና በ38 ሴኮንድ ዞርክ?” አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በወረቀት ቢሆን ማንም አያውቅብኝም ነበር። አፑ ግን የጀመርኩበትን፣ የጨረስኩበትን፣ የቆምኩበትንም ቦታ ይዟል። ውሸቴን ከነሰዓቱ መዝግቦልኛል።

ስለዚህ ውረዱ። ጉድለት ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ማን እንደጠገነውና መቼ እንደተጠገነ እስኪጻፍ ድረስ አትዝጉት። የጉድለትና የጥገና መዝገብ ቢያንስ 15 ወር ይቀመጣል።

ቀጥሎ ታኮ ይመጣል። እዚህ ታኮ ሲባል ጎማ ሥር የሚገባው አይደለም፤ ታኮግራፉ ነው፤ የነዳችሁበትንና ያረፋችሁበትን ሰዓት የሚመዘግበው ማሽን። ሕጉ ለማስታወስ ቀላል ነው። አራት ሰዓት ተኩል ከነዳችሁ 45 ደቂቃ ታርፋላችሁ። በቀን እስከ 9 ሰዓት ትነዳላችሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን 10 ይፈቀዳል። ችግሩ ያለው ማሽኑ ላይ ነው። መኪናው ሲቆም ብዙውን ጊዜ በራሱ ወደ መዶሻዎቹ ምልክት ይሄዳል፤ ሌላ ሥራ ማለት ነው። የአልጋዋን ምልክት፣ ማለትም ዕረፍትን ካልመረጣችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ያሳለፋችሁት 45 ደቂቃ በመዝገቡ ሥራ ነው። አዲስ ሾፌር ሁሉ አንዴ እዚህ ይወድቃል።

ሌላም አለ። ታኮ የሚመዘግበው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው። በእንግሊዞቹ በጋ (ሰመር በሚሉት) የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ የታተመው ወረቀትና የእጅ ሰዓታችሁ አይገጥሙም። በሁለት ዓይነት ሰዓት ላደግን ለእኛ ግን ብዙም አይከብድም።

ታኮው ውስጥ የምታስገቡት የሾፌር ካርድ መረጃ ቢያንስ በየ28 ቀኑ፣ የማሽኑ የራሱ መረጃ በየ90 ቀኑ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አለበት። ትንሽ የካርድ ማንበቢያና አንድ ሶፍትዌር ይበቃል። ሶፍትዌሩ ጥፋቱን በቀይ ያወጣዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል፣ ቀዩን አይቶ ይዘጋል። ኮሚሽነሩ ፊት ከቀረባችሁ ግን የምትጠየቁት “አይታችሁ ምን አደረጋችሁ?” ነው። ሾፌሩን አነጋግሩ፣ ምክንያቱን ጻፉ፣ አስፈርሙ። ባለ አንድ መኪና ከሆናችሁ የራሳችሁን ጥፋት ለራሳችሁ ትፈርማላችሁ። ያስቃል፤ ግን ፈርሙ።

ጋራዥን በተመለከተ፣ የዓመቱ ምርመራ እንደኛ ቦሎ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ከእሱ ሌላ በየተወሰነ ሳምንት የሚደረግ ምርመራ አለ፤ ስድስት ሳምንት የተለመደ ነው። ለስድስት ወር ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። የፍሬን ፍተሻ ውጤቱን ከጋራዡ ጠይቁ። የሚልኩላችሁን ፒዲኤፍ ደግሞ ሳትከፍቱ ፎልደር ውስጥ አትጣሉት። ጎማው አልቋል ተብሎ ተጽፎ እናንተ ካላያችሁት፣ ወረቀቱ መልሶ እናንተኑ ይከሳል።

ላይሰንሱ ራሱ ያለው ቪኦኤል በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው። አዲስ ሰው ቤት ይቀያይራል፣ ስልክና ኢሜይልም ይቀይራል። ለውጡን በ28 ቀን ውስጥ አስታውቁ። በየአምስት ዓመቱ ላይሰንሱ እንዲቀጥል አረጋግጣችሁ ትከፍላላችሁ። ማስታወሻው የማትከፍቱት ኢሜይል ውስጥ ከቀረ ላይሰንሱ ያበቃል። በዘመድ ኢሜይል ያስመዘገበ ሰው አውቃለሁ፤ አታድርጉት።

አንድ ወይም ሁለት መኪና ላለው ሰው የፍተሻ አፕ፣ የካርድ ማንበቢያና ካላንደር ይበቃዋል ባይ ነኝ። ካሜራውንና ትልልቁን ስክሪን ጨምሮ የሦስት ዓመት ውል የሚያስፈርማችሁን ሻጭ “ላስብበት” በሉት።

የመጨረሻው የቋንቋ ነገር ነው። ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ቡሎን፣ ቸርኬ የሚሉት ቃላት ከጣልያን የመጡ ናቸውና እዚህ አይሠሩም። ኢንዲኬተር፣ ሚረር፣ ዊል ነት፣ ሪም ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው። ቃሉ ከጠፋችሁ ፎቶው ይበቃል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አፑ ላይ “ፍሬቻ” ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ልኬ ነበር። ሜካኒኩ ሞተሩ ጋ ሄዶ ሲፈልግ አገኘሁት።