ሪአክተሩ ቆሞ ሙቀቱ አልቆም ሲል፦ የፉኩሺማ ዳይቺ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው በመሐንዲስ ዓይን

በኑክሌር ማመንጫ አደጋ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የሚታየው ምልክት ከምን እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ነው፤ ምክንያቱ በተሳሳተ ቁጥር ፓምፑም፣ ባትሪውም፣ የሰዉም ድካም ያለ ቦታው ይውላል። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011) በጃፓን ፉኩሺማ ዳይቺ ማመንጫ ከደረሰው አደጋ የተወሰዱ ናቸው። በሁሉም ላይ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፤ አንድ መለኪያ ብቻውን ሲናገር አይታመንም፣ በሌላ መንገድ የሚሠራ ሁለተኛ ምልክት እስኪመሰክርለት ድረስም ሁኔታው የከፋው እንደሆነ ተቆጥሮ ይሠራል።

ምልክት፦ ሪአክተሩ ቆሟል፣ ሙቀቱ ግን አልቆመም

በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 8፡46 ላይ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ በሥራ ላይ የነበሩት 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው ሪአክተሮች በራሳቸው ቆሙ። ከውጭ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፣ የናፍጣ ጄኔሬተሮቹም ወዲያው ተነሡ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የደረሰው ሱናሚ ግን ማመንጫው ይመጣብኛል ብሎ ካሰበው 5.7 ሜትር እጅግ ይበልጥ ስለነበር፣ ከባሕር ወለል 10 ሜትር ከፍ ብለው የቆሙትን የመጀመሪያዎቹን አራት ሪአክተሮች አካባቢ አጥለቀለቀው። ከ13 ጄኔሬተሮች በሥራ ላይ የቀረው የ6ኛው ሪአክተር አንድ ጄኔሬተር ብቻ ነበር። በአየር ከሚቀዘቅዙት ሌሎች ሁለት ጄኔሬተሮች ሞተሮቹ ራሳቸው ውሃ አልነካቸውም፤ ማከፋፈያ ቦርዶቻቸው ግን ምድር ቤት ስለነበሩ በውሃ ተዋጡ፣ ስለዚህ ጄኔሬተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ ጠፋ።

የሙቀቱ ምክንያት ግልጽ ነው። የዩራኒየሙ መሰንጠቅ ቢቆምም፣ ከመሰንጠቁ የተረፉት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች እየፈረሱ ሙቀት መስጠታቸውን ይቀጥላሉ፤ እንደ ተዳፈነ ፍም ነው፣ ነበልባሉ ጠፋ ማለት እሳቱ ጠፋ ማለት አይደለም። 1ኛው ሪአክተር በሙሉ ኃይሉ 1380 ሜጋዋት ሙቀት ያመነጭ ስለነበር፣ በቆመበት ቅጽበት ከዚህ ከ6 እስከ 7 በመቶው፣ ማለትም ወደ 90 ሜጋዋት የሚጠጋው ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን ሲሞላው ይህ ወደ 0.5 በመቶ፣ ማለትም ወደ 7 ሜጋዋት ይወርዳል።

መፍትሄው በሒሳብ ይጀምራል። 7 ሜጋዋት ሙቀት ውሃን እያፈላ እንዲወጣ ቢደረግ በሰዓት 10 ቶን ያህል ውሃ ይፈጃል፤ ይህን ያህል ውሃ አንድ የእሳት አደጋ መኪና ያለ ችግር ይገፋል። ተረኛው መሐንዲስ ይህን ቁጥር ለእያንዳንዱ ሪአክተርና ለእያንዳንዱ ሰዓት አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሊይዘው ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚቀረው ወረቀቱ ነውና። ቀጥሎ የሚመጣው በእግር ሄዶ የተረፈውን መቁጠር ነው። ወደ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ሌላው ማመንጫ፣ ፉኩሺማ ዳይኒ፣ አንድ የውጭ የኤሌክትሪክ መስመር ተርፎ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ የትኛው ሞተር እንደዳነ በየቦታው ተዟዙረው ካዩ በኋላ ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚሆን ከባድ ኬብል በሰው ጉልበት ዘርግተው ሪአክተሮቻቸውን አዳኑ። በሥራው መካከልም የ1ኛው ሪአክተር ግፊት ከሌሎቹ ፈጥኖ መውጣቱን ሲያዩ ቅደም ተከተላቸውን ቀይረው መስመሩን ወደዚያ አዞሩ።

ምልክት፦ የውሃ መጠን መለኪያው ነዳጁ በውሃ እንደተሸፈነ ያሳያል፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ግን ሌላ ይናገራል

ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው ይኸኛው ነው፤ የፉኩሺማ ዕጣ በብዛት የተወሰነው እዚህ ላይ ነውና።

በዳይቺ በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3፡19 ላይ የተገኘው ንባብ በ1ኛው ሪአክተር ውሃው ከነዳጁ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ያሳይ ነበር። ኋላ የተደረጉት ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዚያ ሰዓት ነዳጁ ቀድሞ ከውሃ ወጥቶ መቅለጥ ጀምሯል። በግንቦት ወር ሠራተኞች ህንጻው ውስጥ ገብተው መለኪያውን ሲያስተካክሉት፣ ውሃው ከነዳጁ ጫፍ ከ5 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል። መሣሪያው ውሃውን በቀጥታ አያይም፤ ሪአክተሩን በያዘው ዋና የብረት ታንክ ውስጥ ያለውን ውሃ ክብደት፣ በውጭ በኩል ባለች ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ከሚቆም ውሃ ክብደት ጋር ያወዳድራል። ዋናውን ታንክ ከብቦ የሚገኘው ውጫዊ መያዣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ያ የማነጻጸሪያ ውሃ ራሱ ተንኖ ይጎድላል። ያኔ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፣ መሣሪያውም ታንኩ የሞላ መስሎት ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል። አደጋው በከፋ ቁጥር መለኪያው የሚናገረው እየተሻለ ይሄዳል ማለት ነው፤ ለመሐንዲስ ከዚህ የባሰ የስህተት ዓይነት የለም።

ሌሎቹ ምልክቶች ግን በቦታቸው ነበሩ። ከቀኑ 11፡50 ገደማ ወደ 1ኛው ሪአክተር ህንጻ የሄዱ ሠራተኞች የጨረራ መለኪያቸው ከፍ ስላለባቸው ከበሩ ተመለሱ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በተርባይን ህንጻው በኩል ባለው በር በሰዓት 1.2 ሚሊሲቨርት (ሲቨርት ሰው የሚወስደው የጨረራ መጠን የሚለካበት አሃድ ነው) ተለካ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በትንሽ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የውጫዊው መያዣ ግፊት መለኪያ 600 ኪሎ ፓስካል ሆኖ ተገኘ፤ ይህም መያዣው ከተነደፈበት ጣሪያ በላይ ነው። ውሃው በቦታው ቢኖር ኖሮ ጨረራ ከህንጻው ሊወጣ፣ ግፊቱም እስከዚህ ሊደርስ የሚችልበት ምክንያት አልነበረም።

የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣው ጉዳይ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። 1ኛው ሪአክተር ያለ ፓምፕ እንፋሎቱን እያቀዘቀዘ ውሃ አድርጎ የሚመልስ ኮንደንሰር ነበረው። የዚህ ኮንደንሰር ቫልቮች የቁጥጥር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ቧንቧ እንደተሰበረ ቆጥሮ እንዲዘጉ የሚያዝ ሥርዓት ነበራቸው፤ ኤሌክትሪኩ በጠፋ ጊዜ ማቀዝቀዣው በራሱ ደህንነት ደንብ ተዘጋ። የአደጋ አመራሩ ግን ከህንጻው ጎን እንፋሎት ታየ የሚል ወሬ ስለደረሰው ለሰዓታት እየሠራ እንደሆነ አምኖ ቆየ፤ ኮንደንሰሩ በሥራ ላይ ሲሆን እንፋሎቱ ምን ያህል እንደሚሆንና ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ይኸው ስህተት ቀድሞም ደርሷል። በአሜሪካ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ማመንጫ መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. ክፍት ሆኖ የቀረ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የተዘጋ መስሎ ይታይ ነበር፤ መብራቱ የሚያሳየው ቫልቩ የት እንዳለ ሳይሆን እንዲዘጋ ትእዛዝ መሰጠቱን ነበርና። ሠራተኞቹም ውሃ በዝቷል ብለው የማቀዝቀዣውን ውሃ ቀነሱ።

መፍትሄው በሦስት ደረጃ ይሄዳል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ንባብ ሲጻፍ መሣሪያው የሚለካው ምን እንደሆነና ትክክል የሚሆነው በምን ሁኔታ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የውሃ መጠን፣ ግፊት፣ ጨረራና ሙቀት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና የማይስማሙበት ቦታ ይፈለግ፤ ካልተስማሙ የሚያጽናናው ንባብ ይጣል። ሦስተኛ፣ የውሃ መጠን የማይታወቅ ከሆነ ውሃ የለም ተብሎ ይታሰብ፣ ውሃ ማስገባቱም በዚያው ቅጽበት ይጀመር። በዳይቺ ሠራተኞች መለኪያዎቹን ለማንበብ በግቢው ከቆሙ መኪኖች ባትሪ እየፈቱ በጨለማው የመቆጣጠሪያ ክፍል ሽቦ ያያይዙ ነበር። ከልብ የማከብረው ሥራ ነው፤ ሆኖም ያን ያህል ተደክሞበት የተገኘ ንባብ ለማመን ይበልጥ ስለሚያጓጓ፣ የሚያነበውና የሚፈርደው ሰው ቢለያይ ይመረጣል።

ምልክት፦ ውሃ ይገፋል፣ ሪአክተሩ ግን አይቀዘቅዝም

ሁለት ምክንያቶች አሉት። የመጀመሪያው ግፊት ነው፤ በዋናው ታንክ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 70 ከባቢ አየር ሲደርስ የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕ የሚገፋው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የማስተንፈሻ ቫልቮቹ መከፈት አለባቸው። ይህም የቁጥጥር ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ በዳይቺ ይህን ያገኙት 12 ቮልት የሆኑ 10 የመኪና ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዘው 120 ቮልት በማድረግ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የተደበቀ ነው፤ ከመኪናው የወጣው ውሃ በቅርንጫፍ ቧንቧዎች ወደ ተርባይኑ ኮንደንሰርና ወደ ሌሎች ታንኮች እየሾለከ፣ ዋናው ታንክ ጋ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነበር። ከመኪናው ላይ ያለው የፍሰት መለኪያ ብዙ እያሳየ በሪአክተሩ ግፊትና ሙቀት ላይ ለውጥ ካልታየ፣ ውሃው ሌላ መንገድ አግኝቷልና የቧንቧው ንድፍ ወጥቶ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ይዘጉ።

ንጹሕ ውሃ ሲያልቅ የባሕር ውሃ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲስ ከባድ ሊሆን አይገባም፤ ጨው ብረቱን ያበላሸዋል፣ ያለ ውሃ ግን የሚተርፍ ብረት የለም። መጋቢት 3 ከምሽቱ 1፡04 ላይ የባሕር ውሃ ማስገባት ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ከቶኪዮ በኩል አቁሙ የሚል ቃል ሲመጣ፣ የማመንጫው ኃላፊ ማሳኦ ዮሺዳ በቪዲዮ ስብሰባው ላይ ሁሉ እየሰማ እንዲቆም አዝዘው፣ ለሠራተኛቸው ግን በጎን እንዳያቆም ነገሩት። ውሳኔያቸው ትክክል ነበር። እንዲህ ያለው ፍርድ ግን በአንድ ሰው ድፍረት ላይ መንጠልጠል የለበትም፣ ሥልጣኑ በቦታው ላለው መሐንዲስ በጽሑፍ የተሰጠ ሊሆን ይገባል።

ምልክት፦ የውጫዊው መያዣ ግፊት ወጥቶ ሳይታሰብ ይቀንሳል

ግፊቱ ያለ ማስተንፈስ ከወረደ መያዣው ሾልኳል ማለት ነው፤ የሚሾልከውም እንፋሎት ብቻ አይደለም። የነዳጁ ሽፋን የሆነው ዚርኮኒየም ወደ 1200 ዲግሪ ሲደርስ ከእንፋሎቱ ኦክስጅን እየወሰደ ሃይድሮጅን ይለቃል። መያዣው ውስጥ ናይትሮጅን ስለተሞላ እዚያ አይፈነዳም፤ ሾልኮ ወደ ህንጻው የላይኛው ፎቅ ሲገባና በአየሩ ውስጥ ከ4 በመቶ ሲያልፍ ግን ይቀጣጠላል። የ1ኛው ሪአክተር ህንጻ መጋቢት 3 ከቀኑ 9፡36 ላይ ፈነዳ፤ ይህም ከኃይል ማቅረቢያ መኪና የተዘረጋው ኬብል ተያይዞ ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ ስለነበር ኬብሉ ተበጠሰ። 3ኛው መጋቢት 5 ቀን ተከተለ። መጋቢት 6 ቀን የፈነዳው የ4ኛው ህንጻ ግን በሪአክተሩ ውስጥ ነዳጅ አልነበረም። በኋላ የዚህ ህንጻ የአየር ማስወጫ ማጣሪያዎች ሲመረመሩ ከመግቢያቸው ይልቅ መውጫቸው ላይ የበለጠ ተበክለው ተገኙ፤ ጋዙ ከ3ኛው በጋራ የጭስ ማውጫው በኩል ወደ ኋላ ፈስሶ እንደገባ የተረጋገጠው በዚህ ነው።

መፍትሄው ጣሪያውን መክፈት ነው። 2ኛው ህንጻ ሳይፈነዳ የቀረው የ1ኛው ፍንዳታ የግድግዳ መከለያውን ስለገነጠለለት እንደሆነ ይታመናል። በ5ኛውና በ6ኛው ጣሪያ ላይ ሠራተኞች ሆን ብለው ቀዳዳ አበጁ። በተጨማሪም ሁለት ሪአክተሮች አንድ ጭስ ማውጫ የሚጋሩ ከሆነ በመካከላቸው ያለው መስመር ከማስተንፈሱ በፊት ይዘጋ።

ምልክት፦ የጨረራ ማንቂያው ይጮኻል፣ የትናንቱ ካርታ ግን ቦታው ደህና ነው ይላል

መጋቢት 15 ቀን በ3ኛው ተርባይን ህንጻ ምድር ቤት ኬብል ይዘረጉ የነበሩ ሦስት ሠራተኞች ማንቂያቸው እየጮኸ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በዋዜማው የተለካው ዝቅተኛ ነበርና። በመካከሉ ግን ወለሉ ላይ የተበከለ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር፣ ከሦስቱ ሁለቱ አጭር ጫማ አድርገው ስለነበር ውሃው ጫማቸው ውስጥ ገባ። ሦስቱም ከ170 ሚሊሲቨርት በላይ ጨረራ ወሰዱ። እዚህ ላይ ደንቡ የተለየ ነው፤ የሰው አካል ላይ ያለ ማንቂያ ሁለተኛ ምስክር አይጠብቅም፣ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይመረመራል። ካርታው የሚያረጀው በሰዓታት ነውና በእያንዳንዱ ፈረቃ መጀመሪያ እንደገና ይለካ፤ ወለል ላይ ውሃ ከታየ ሳይለካ አይረገጥ።

ምልክት፦ የተበከለ ውሃ ወደ ባሕር ይፈሳል፣ ቀዳዳው ቢደፈንም አይቆምም

መጋቢት 24 ቀን በ2ኛው ሪአክተር የባሕር ውሃ መሳቢያ አጠገብ ካለ የኬብል ጉድጓድ ስንጥቅ እጅግ የተበከለ ውሃ ሲንፎለፎል ታየ። ኮንክሪት ቢሞላ አልቆመም፤ ውሃ መጣጭ ፖሊመር ከመጋዝ ብናኝና ከተቀደደ ጋዜጣ ጋር ቢጨመርም አልቆመም። ቀጥሎ ነጭ ቀለም ያለው የመታጠቢያ ዱቄት ወደ ላይኛው መስመር ተጨምሮ የውሃው መንገድ ሲፈለግ ቀለሙ በሚጠበቅበት ቦታ አልወጣም። ከዚህ በመነሣት ውሃው ከቧንቧው ሥር ባለው የጠጠር ንጣፍ እንደሚሄድ ተገመተ፤ ፈሳሽ ሶዲየም ሲሊኬት ወደ ጠጠሩ ሲገፋም መጋቢት 28 ቀን ፍሳሹ ቆመ።

የፍሳሹ መቆም ውሃውን አያጠፋውም። ለማቀዝቀዝ የሚገባው ውሃ በሙሉ ከተቀደዱት መያዣዎች ወጥቶ ምድር ቤት ይጠራቀማል፣ የከርሰ ምድር ውሃም በየቀኑ ይጨመርበታል፤ መውጫው ሲደፈን ከበስተኋላ ያለው ከፍታ ይወጣል። በዳይቺ የወጣውን ውሃ አጣርቶ መልሶ ለማቀዝቀዣ የሚያውል ዑደት በዚያው ዓመት ክረምት ሥራ ጀመረ፤ የተረፈው ከ1000 በሚበልጡ ታንኮች ተከማችቶ፣ ከተጣራ በኋላ ትሪቲየም (ራዲዮአክቲቭ የሆነ የሃይድሮጅን ዓይነት) የቀረበት ውሃ እየቀጠነ ወደ ባሕር መለቀቅ የጀመረው ነሐሴ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የእሳት አደጋ መኪና ውሃ መግፋት በጀመረበት ሰዓት፣ ሌላ ቡድን ያ ውሃ ሲወጣ የሚያርፍበትን ታንክና የሚጣራበትን መስመር መፈለግ መጀመር አለበት።