የመጀመሪያ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንዴት ይመረጣል?

ጎጃም ውስጥ የጠመንጃ ጨዋታ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው ስሙ ነው። «ምንሽር ነው? ሲሞኖቭ ነው?» ይባላል፤ ከዚያ ሰደፉ ይዳሰሳል፣ ማንገቻው ይመዘናል፣ ዋጋ ይጠራል። ውስጡን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ስም ያለው ጠመንጃ ውስጡ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰደፉ የተፋቀ ተራ መሣሪያ ደግሞ ውስጡ እንደ መስታወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙን እንተወውና ውስጡን እንይ።

ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ፣ ቀለሁን ራሱ አስፈንጥሮ፣ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ ነው። ምንሽር መዝጊያው በየጥይቱ በእጅ ይሳባል። ክላሽ ደግሞ ቃታው እንደተያዘ ሊደረድር ይችላል። የሶቪየቱ ሲሞኖቭና የአሜሪካው ኤም ዋን ጋራንድ ከሁለቱ መሃል ናቸው፤ ሥራውን የሚሠራላቸው ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ ነው። ከፊል አውቶማቲክ ተብሎ የቀረበ ጠመንጃ በአንድ ቃታ ሁለትና ሦስት ከተኮሰ ወይ ተበላሽቷል ወይ ተነካክቷል። በነጻም ቢሰጥ አይወሰድም።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ዋጋ ከመነጋገር በፊት ፈቃድ ይቀድማል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃዱ የትኛውን ዓይነት እንደሚሸፍን ፖሊስ ጣቢያ ጠይቆ ማረጋገጥ የገዢው ሥራ ነው። ቀጥሎ ብረቱ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አኃዝ በአኃዝ ይመሳከራል። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ፣ በላዩ ብየዳ ካረፈበት፣ ወይም ሻጩ «ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጠመንጃ ለመያዝ መፈቀዱም ለማደን መፈቀድ አይደለም፤ የአደን ፈቃድ ለብቻው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የሚወጣ ነው።

ለምንድን ነው የሚፈለገው?

ዒላማ መማር ከሆነ ለጀማሪ ከ22 ካሊበር የሚሻል የለም። ጥይቱ 2.6 ግራም ገደማ ናት፤ ትከሻ አትመታም፣ ድምፅዋም ከትልልቆቹ ያነሰ ነው። «የልጅ መጫወቻ ናት» የሚላት አይጠፋም። ሆኖም ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ ከዒላማው ኋላ አፈር ያለው ዳገት ወይም ጉብታ ከሌለ አትተኮስም።

የሲሞኖቩ 7.62×39 ጥይት 8 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ 735 ሜትር ያህል ይወጣል። የኤም ዋኑ 30-06 ከዚህ እጅግ ይበረታል። ጀማሪን በትልቁ ማስጀመር ጉዳቱ ትከሻ ማቁሰሉ ብቻ አይደለም። ሰውየው በሦስተኛው ጥይት ምቱን መጠበቅ ይጀምራል፤ ቃታውን ሊስብ ሲል ዓይኑን ይጨፍንና አፈሙዙን ወደ ታች ይገፋል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስለቀቅ ወራት ይፈጃል፣ ሰውም ጥፋቱን በማነጣጠሪያው ያሳብባል።

ጥይት ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፦ 7.62 የተባለ ሁሉ አንድ ይመስላል። 7.62×39፣ 7.62×51 እና 7.62×54 ሦስት የተለያዩ ጥይቶች ናቸው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት ነው፤ እሱ ካልገጠመ ጥይቱ አይገባም፤ በግድ ከገባም መሣሪያውን ተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳ ይችላል። ጠመንጃው ላይ የተቀረጸውና የጥይቱ ሳጥን ላይ የተጻፈው አንድ መሆን አለበት።

በሰውነት ልክ

ልክ ሲለካ በሸሚዝ ብቻ ተሁኖ አይለካም። በሚለበሰው ልብስ ይለካ፦ ጋቢ ከተለበሰ በጋቢ፣ ካፖርት ከተደረበ በካፖርት። ብርዳማው ጮቄ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በሸሚዝ ልክ የነበረ ሰደፍ ጋቢ ሲደረብ ይረዝምና ጉንጭ ከቦታው ይሸሻል።

ሰደፉን ክርን እጥፋት ውስጥ አስገብቶ ክንድን በጠመንጃው ላይ ማስረዘም፤ ጠቋሚ ጣት ያለ ጭንቀት ቃታው ላይ ከደረሰ ርዝመቱ ይበቃል። ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ ወደ ትከሻ ማንሳትና ዓይንን መግለጥ፤ የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ያለ አንገት ማስገግ ከተያዩ ጠመንጃው የባለቤቱ ነው። ሲሞኖቭ ባዶውን 3.85 ኪሎ ያህል፣ ኤም ዋን 4.3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቆሞ እንደ ተነጣጠረ ለ30 ሰከንድ መያዝ ነው፤ አፈሙዙ ክብ መዞር ከጀመረ ቀለል ያለ ይፈለግ።

ውስጡን ማየት

ከሁሉ በፊት ባዶ ይደረጋል፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፣ ጣት ከቃታ ይርቃል፣ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ መዝጊያው ወደ ኋላ ይሳባል። መጀመሪያ መዝጊያውን ስቦ ቀጥሎ ካዝና የሚያወጣ ሰው ሲለቀው አዲስ ጥይት አጉርሶታል፤ «ካዝናውኮ አውጥቻለሁ» እያለ ሰው የሚመታው እንዲህ ነው። ሲሞኖቭ 10 ጥይት የሚይዝ የማይነቀል ካዝና ስላለው በሥሩ ያለው ክዳን ተከፍቶ ጥይቱ ይራገፋል። ከዚያም ጉሮሮው፣ ማለትም ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ፣ በዓይን ይታያል፤ በትንሽ ጣትም ይዳሰሳል።

አሁን ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ። መዝጊያው ወጥቶ ነጭ ወረቀት ከኋላ ተይዞ በፊት በኩል ይታያል። ጠመዝማዛዎቹ መስመሮች ጠርዛቸው የሰላ መሆን አለበት። መሃል ላይ እንደ ቀለበት የጠቆረ ክብ ከታየ ቱቦው አብጧል፤ አንዴ ጭቃ ወይም የቀረ ጥይት ዘግቶት ሳለ ተተኩሶበታል ማለት ነው፤ አይገዛም። የአፈሙዙ ከንፈር በብረት መወልወያ አንድ ወገን ከተበላ ጥይት ወደ ጎን ይሄዳል። ጉሮሮው ውስጥ የዝገት ጉድጓድ ካለ ደግሞ የተተኮሰው ቀለህ ይለጠፍና አይወጣም፤ የከፊል አውቶማቲክ አንዱ ሕመም ይኸ ነው።

የጥይቱን ቂጥ መትቶ የሚያቀጣጥለው መርፌ ከሁሉ በላይ ትኩረት ይፈልጋል። በአብዛኞቹ ሲሞኖቮች መርፌው በሞላ አልተያዘም፤ በመዝጊያው ውስጥ ልቅ ሆኖ ወዲያና ወዲህ ይላል። መዝጊያውን ለብቻው ይዞ ከጆሮ አጠገብ ማንቀጥቀጥ ነው። «ቅጭል ቅጭል» ካለ ደህና ነው። ዝም ካለ መርፌው በደረቀ ቅባት ወይም በዝገት ተጣብቋል። ጫፉ ወደ ፊት ወጥቶ እንደተጣበቀ መዝጊያው ሲዘጋ የጥይቱን ቂጥ ይመታዋል፤ ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል፤ አንዳንዴም ካዝናው እስኪያልቅ አይቆምም።

ጋዙ የሚገፋው ዘንግ፣ ያለበት የጋዝ ቱቦ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘነበል፣ በክብደቱ ብቻ ሊንሸራተት ይገባዋል። ጠመንጃው ባዶውን ተቀባብሎ፣ የቃታው መቆለፊያ ተዘግቶ ቃታው በኃይል ይሳባል፤ መምታት የለበትም። ጣት ከተነሳ በኋላ መቆለፊያው ሲከፈት ብቻውን ቢመታ አይገዛም። ሰደፉ ላይ በጠፍር ወይም በሽቦ የተጠቀለለ ቦታ ካለ ሻጩ «ጌጥ ነው» ይላል። ይፈታ። ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቅ ነው የሚገኘው።

ሙከራ

ሙከራው በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው። ጆሮ በጥጥ አይሸፈንም፤ የትልልቆቹ ጠመንጃዎች ተኩስ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፣ ጥጥ ብዙም አያግደውም። ትክክለኛ የጆሮ መከላከያና መነጽር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ቀጥሎ ሁለት። በአንድ ቃታ ሁለቱም ከሄዱ ጉዳቱ በዚያው ይቀራል፤ አሥር ቢሞላ ኖሮ አሥሩም በሄደ። ደህና ከሆነ በ50 ሜትር ተደግፎ አምስት አምስት ጥይት ሦስት ጊዜ ይተኮሳል። ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው ከዒላማው ግራ ቢያርፉ ማነጣጠሪያው ይስተካከላል፤ ከተበተኑ ግን በመጀመሪያ አንድ የተለማመደ ሰው ይሞክረው፤ በእሱም ከተበተኑ ችግሩ የመሣሪያው ወይም የጥይቱ ነው። ቀለሆቹም ይለቀማሉ፦ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም ቂጡ የተበሳ ካለ መሣሪያው ተጨማሪ ጥይት አይጎርስም።

ቤት ሲገባ

ከገንዘቡ ላይ ለመወልወያ ዘንግ፣ ለመሣሪያ ዘይትና ለሚቆለፍ ሳጥን አስቀድሞ ይቀነስ። ጠመንጃ መደብ ራስጌ ተሰቅሎ ማደሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም ሕፃን ይደርስበታል፣ ጭስና ጥላሸትም ይጠጣል። ከውርጭ ወጥቶ እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ብረቱ ላብ ያወጣል። ስለዚህ ተወልውሎ ይቀመጥ፤ ጥይቱም በሌላ ቦታ ይቆለፍ።

የድሮ የሶቪየት ዘመን ጥይቶች መቀጣጠያ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ዘይት ጨውን አያጥብም። በተተኮሰበት ቀን የፈላ ውሃ በቱቦውና በጋዙ ቤት ይፈስሳል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በስሱ ዘይት ይቀባል። ክረምት ላይ አንድ ሌሊት ከታለፈ ቱቦው ጠዋት ቀይ ነው።

የኑግ ዘይት ግን አይቀባም። ኑግ በየጓዳው ስላለ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብረቱ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ዘይቱ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ከላይ «ቅጭል» ማለት አለበት የተባለው መርፌ ዝም የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ተቀብቶ ከሆነ መዝጊያው ተፈትቶ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ ደርቆ እንደገና ከጆሮ አጠገብ ይንቀጠቀጣል።