«ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ» ሲባል ብትሰሙ

ስለ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «ሂ ወዝ ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ» ከተባለ ጥንብዝ ብሎ ሰክሮ ነበር ማለት ነው። «ሺት» አንሶላም ወረቀትም ማለት ቢሆንም እዚህ ሁለቱም የሉበትም። ብዙዎች «ሺት» የመርከብ ሸራ ይመስላቸዋል፤ እሱም ስህተት ነው። በመርከበኞች እንግሊዝኛ ሺት የሸራውን የታችኛውን ጥግ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ነው። ገመዱ ካመለጠ ሸራው ንፋሱን መያዝ ያቅተውና ዝም ብሎ ይርገበገባል። ሦስቱ ገመዶች ባንዴ ከተፈቱ ደግሞ መርከቡ መስመሩን መጠበቅ ተስኖት ወዲያና ወዲህ ይንገዳገዳል። የሰካራም አካሄድ ልክ ይህንን ስለሚመስል አባባሉ ተስማምቶታል። መርከበኞች በቁጥር ደረጃ ያወጡበትም ነበር፦ አንድ ሺት ሞቅ ላለው፣ ሦስት ራሱን መቆጣጠር ላቃተው። ዛሬ በሰው አፍ የቀረው ሦስቱ ስለሆነ ቁጥሩን አትቀይሩ።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጽሑፎች ውስጥ በ«ቱ ዘ ዊንድ» ፈንታ «ኢን ዘ ዊንድ» ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ትርጉሙ ያው ነው።

አነጋገሩ የጓደኛሞች ወግ ነው። ለሐኪም፣ ለፖሊስ ወይም በሥራ ሪፖርት ላይ «ድራንክ» ወይም «ኢንቶክሲኬትድ» በሉ።

ከሁሉም በላይ አጠራሩን ተጠንቀቁ። «ሺት» ሲባል «ሺ» ረዘም ብሎ ይሳባል፤ ካሳጠራችሁት ጸያፍ ስድብ ይሆናል። አማርኛችን አጭሩንና ረጅሙን አናባቢ ስለማይለይ እኛ ቶሎ እንሳሳታለን። «ሺፕ» (መርከብ) እና «ሺት»ን እያፈራረቃችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ፤ የመጀመሪያውን ቁርጥ፣ ሁለተኛውን ሳብ አድርጉ።